የጋሽ ጥላዬ ማሽን የተፈታችበት እሁድ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ጽፌያለሁ ከተባለም የተበላሸ ቴሌቪዥን ጀርባ ላይ የምለጥፋት ብጣሽ ወረቀት ናት። «ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም»፣ ወይም «ምስል አለው፣ ድምፅ የለውም» ብዬ እጽፋለሁ። እኔ ራሴ ያኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነበርኩ። ስለዚህ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ። የምነግራችሁ አንድ እሁድ ስለሆነው ነገር ብቻ ነው።

ስሜ ስንዱ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ለምን አቆምሽ ሲሉኝ «በቤተሰብ ችግር» እላለሁ። እንደዚህ ከተባለ ሰው ያዝንና ሌላ ጥያቄ አይጨምርም። እውነቱን ለመናገር ግን ሰባተኛ ክፍል ያለው ሌላ ትምህርት ቤት ነበር፤ እዚያ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ተማሪ እየተነሳ ራሱን ያስተዋውቃል ሲሉ ሰማሁ። በቃ፣ ቀረሁ።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የመጣሁት እትዬ ደብሪቱ ዘንድ ነው። የእናቴ የአጎት ልጅ ናቸው። ባላቸው ጋሽ ጥላዬ በመንግሥት ማሠልጠኛ ውስጥ ለብዙ ዘመን ቴክኒሻን ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጥገና ሱቅ አላቸው። ሱቁ ድሮ ካዛንቺስ ነበር። ያ ሰፈር ሲፈርስ ቂርቆስ፣ ወደ ላንቻ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራዩና ገባን። ደንበኞቻችን ግን አብረውን አልመጡም። አንዱ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ሌላው ከዚያም ርቆ ሄደ፤ የተበላሸ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ታክሲ ላይ የሚጋፋ ደግሞ የለም።

የእኔ ሥራ ሱቁን ማጽዳት፣ ዕቃ መቀበልና ወረቀቷን መለጠፍ ነበር። ደንበኛ ሲያወራ ራሴን እነቀንቃለሁ። ብዙ ሰው ጆሮዬ የማይሰማ ይመስለው ስለነበር እየጮኸ ነበር የሚያናግረኝ።

ስለ ማሽኗ ልንገራችሁ። ጋሽ ጥላዬ የሠሩበት ማሠልጠኛ አሮጌ ዕቃዎቹን በጨረታ ሲያወጣ የገዟት ኦሲሎስኮፕ ናት። ዲጂታል ናት፤ ግን ዲጂታል የሚባለው ነገር ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ የተሠራች ስለሆነች ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። ፊቷ ላይ የእጅ መዳፍ የምታክል ስክሪን አላት፤ ጀርባዋ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ረጅም ነው። ሐኪም ቤት የልብ ምት የሚያሳየውን ማሽን ያየ ሰው እሷን እንዳየ ይቁጠረው። አንድ ቀን ጋሽ ጥላዬ ለሳምሶን ሲያስረዱት ጥግ ሆኜ ሰምቻለሁ። «ኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ ዝም ብሎ አይሄድም» አሉት፤ «ይዘላል፣ ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣል። ቴስተር መኖሩን ብቻ ነው የሚነግርህ። ይቺ አረማመዱን ታሳይሃለች።»

ሳምሶን ሱቁ ውስጥ አብሮን የሚሠራ፣ ኮሌጅ የጨረሰ ልጅ ነው። ሰፈርተኛው «ኢንጂነር» ይለዋል፤ እሱም አይቃወምም።

ደንበኞች ማሽኗን «ኢሲጂ» ይሏታል። ዕቃቸው ከእሷ ጋር በሽቦ ተገናኝቶ አረንጓዴዋ መስመር ስትንቀጠቀጥ ካላዩ አልተመረመረም ብለው ያምናሉ። አንዲት እናት ምንም ያልሆነ ሬዲዮናቸውን ይዘው መጥተው «ለማንኛውም አንዴ እዩልኝ» ብለው አስመርምረው ደስ ብሏቸው ሄደዋል።

ሌላው ማንም ያላወጀው ግን ሁላችንም የምናከብረው የሱቃችን ሕግ፣ ለደንበኛ ዕቃህ አይሠራም አለማለት ነው። ጋሽ ጥላዬ ሰው ማስከፋት አይወዱም። ቴሌቪዥኑ ከሞተ ቆይቶ እንኳን «እስቲ ሐሙስ ብቅ ይበሉ» ይሉታል። ሐሙስ ይመጣል። «ዕቃ እየፈለግንለት ነው» ይባላል። ሰውየው በየሳምንቱ እየመጣ ቴሌቪዥኑን እንደ በሽተኛ ይጠይቃል፤ ትንሽ ተጫውቶ ይሄዳል። የኋለኛው ግድግዳችን በእንደነዚህ ዓይነት በሽተኞች የተሞላ ነበር።

ይሄ ይሉኝታ ሱቅ ውስጥ ብቻ አልነበረም። እሁድ እሁድ ጋሽ ጥላዬ ራሳቸው ቲማቲም ከትፈው፣ ሽንኩርት አቁላልተው ስልስ ይሠራሉ። «ሴቶቹ ዛሬ ይረፉ» ይላሉ። ጨው ይበዛበታል። ጨው በዛበት ስላችሁ በልታችሁ ውኃ የምትፈልጉበት ዓይነት አይምሰላችሁ፤ ገና ሳትበሉት ነው ውኃውን አጠገባችሁ የምታስቀምጡት። እትዬ ደብሪቱ ግን በየእሁዱ «እጅህ ይባረክ» ይላሉ። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ።

አሁን ወደ ዳንቴሉ ልምጣ።

እትዬ ደብሪቱ ካዛንቺስ እያሉ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በር ላይ ተቀምጠው ዳንቴል ይሠሩ ነበር። ቤታቸው ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር የለም። ፍሪጁ ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል፣ የጋዙ ሲሊንደር ሳይቀር ቀሚስ አለው። ሰፈሩ ሲፈርስና ጎረቤቶቹ ሲበተኑ ግን ኪሮሻቸውን ሳጥን ውስጥ ከተው ቆለፉበት። ክር ባዩ ቁጥር ዞር ይሉ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን ሱቅ መጡና ማሽኗን ትክ ብለው አዩአት። «ይቺ ምስኪን ራቁቷን ነው እንዴ የምትውለው?» አሉ። በስንዝራቸው ለኩአት። ነጭ ሆኖ ጠርዙ ሮዝ የሆነ፣ ስክሪኗን ብቻ የሚያሳይ፣ ከኋላ እስከ እግሯ የሚወርድ ዳንቴል ሠርተው አለበሷት።

ሁላችንም ደስ አለን፤ ማሽኗ ስላማረባት ሳይሆን እሳቸው ኪሮሽ ስለያዙ። ሳምሶን «እትዬ፣ ሙሽራ አስመሰሏት እኮ!» አለ። ጋሽ ጥላዬ አልፎ አልፎ እየዞሩ ያዩአትና ፈገግ ይሉ ነበር። ከጀርባዋ አየር የሚስብ ፋን እንዳለ ማንም አላነሳም።

በዚያ ሰሞን ባምቢስ አካባቢ ያለ የአንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ደወለ። የክፍሎቹን ቴሌቪዥኖች በሙሉ የሚጠግንለት ቋሚ ሱቅ ይፈልጋል። ሰኞ ጠዋት መጥቶ ሱቁን ሊያይ ነው። «መመርመሪያ ማሽን አላችሁ አሉ» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ጥላዬ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ለእትዬ ደብሪቱ «ይሄ ካልሆነ ሱቁን በወሩ መጨረሻ እዘጋዋለሁ» ሲሉ ሰማሁ። እትዬ ደብሪቱ «ስንዱስ?» አሉ። «ወደ ወንድሟ ትመለሳለች እንጂ ምን ይደረጋል።»

ወንድሜ ደብረ ብርሃን ነው፤ ሚስቱ ወፍጮ ቤት አላት። የምትሰጠኝን ሥራም አውቀው ነበር፤ በወፍጮው ጩኸት መሃል የባለ እህሎቹን ስም በየተራ እየጮኹ መጥራት። ይሄን ሳስብ እንቅልፌ ጠፋ።

ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኗ ሞተች። አረንጓዴዋ መስመር ተሰበሰበችና ጠፋች፤ የጋለ አቧራ ሸተተ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ጥላዬ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ሱቁን ከፈቱ። ሳምሶን መጣ። የድሮ የሥራ ባልደረባቸው አቶ ዘርይሁንም ተጠርተው መጡ። እሳቸውም ጡረተኛ ናቸው፤ አነጋገራቸው ግን ጡረታ አልወጣም።

«በሰንበት ሥራ ነው እንዴ?» አሉ አቶ ዘርይሁን በሩ ላይ ቆመው።

«ሥራ አይደለም። የታመመ መጠየቅ ነው» አሉ ጋሽ ጥላዬ።

«እንደዚያ ከሆነ በመመሪያው ይፈቀዳል» ብለው ገቡ።

ሶኬቷን ሰኩ። መስመሯ ብቅ አለች። ሳምሶን አጨበጨበ። «ይኸው! ማለቴ፣ ምንም አልሆነችም እኮ! በቃ ዝም ብለን ነው የተሸበርነው!» ገና ተናግሮ ሳይጨርስ መስመሯ ጠፋች።

«ስትቀዘቅዝ ትሠራለች፣ ስትሞቅ ትጠፋለች» አሉ ጋሽ ጥላዬ።

«መንስኤው በአግባቡ መለየት ይኖርበታል» አሉ አቶ ዘርይሁን።

በዚህ መሃል እትዬ ደብሪቱ የምሳውን ሳህን በጨርቅ ቋጥረው መጡ። ማሽኗን ሊፈቱ መሆኑን ሲያዩ ሳህኑን አስቀምጠው ዳንቴሉን ራሳቸው ቀስ ብለው አወለቁላት፤ የሕፃን ልብስ የሚያወልቁ ነው የሚመስሉት። ከኋላ በኩል አንዲት ክር ያዝ አደረገቻቸው። ሳብ አደረጉ። እንቢ አለች። ሳብ፤ ተበጠሰች። ጫፏን አየት አድርገው ዳንቴሉን አጣጠፉና ጭናቸው ላይ አድርገው ዱካ ላይ ተቀመጡ።

ጋሽ ጥላዬ በካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈትተው ክዳኑን አነሱ።

እኔ ከሳምሶን ትከሻ ኋላ ቆሜያለሁ። ከጀርባዋ ያለችው ትንሽዬ ፋን ላይ ነጭና ሮዝ ክር፣ ልክ እንዝርት ላይ እንደተፈተለ ጥጥ፣ ጥብቅ ብሎ ተጠምጥሟል። ፋኗ የምትዞርበት ቦታ የላትም። ለማየት ምንም ትምህርት አይጠይቅም ነበር። ጋሽ ጥላዬ አዩት። ሳምሶን አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። አቶ ዘርይሁን መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ፣ እንደገና አወለቁት።

«ምን ሆና ነው?» አሉ እትዬ ደብሪቱ ከዱካቸው።

 ውጭ አንድ የታክሲ ረዳት «ላንቻ፣ ጎተራ!» እያለ ሲጣራ ሰማሁ። ድምፁን ያን ያህል ጎልቶ ሰምቼው አላውቅም።

«እ... ፓወር ሰፕላይዋ ይመስለኛል» አሉ ጋሽ ጥላዬ።

«አዎ!» አለ ሳምሶን፤ «ማለቴ፣ ኮንደንሰርም ሊሆን ይችላል።»

«ሁሉንም አማራጭ ማየት ተገቢ ነው» አሉ አቶ ዘርይሁን።

መፍታት ተጀመረ። ፓወር ሰፕላይዋን አወጡ። በቴስተር ለኩት። ደህና ነው። «ደህና ነው» አሉ ጋሽ ጥላዬ በሐዘን። ኮንደንሰሮቹ አንድ በአንድ ታዩ። ደህና ናቸው። ሳምሶን ራሱን ያዘ። አንድ ዕቃ ደህና ሆኖ ሲገኝ ሰው ሲያዝን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፋኗ ግን ክሯን ተጠምጥማ እዚያው አለች፤ እጃቸው በአጠገቧ ሲያልፍ ሁሉም ጠምዘዝ እያደረገ ያልፋታል።

አላማቸው ገብቶኛል። እትዬ ደብሪቱ አንዴ ብቻ ዞር ቢሉ ክሩን መንጥቀው አውጥተው ኪሳቸው ይከቱታል፤ ከዚያ «ኮንደንሰር ነበር» ይባላል። እሳቸው ግን ዞር አልል አሉ። ጭራሽ ከቦርሳቸው ክርና ኪሮሽ አውጥተው ሥራ ጀመሩ።

«ደብሪቱ» አሉ ጋሽ ጥላዬ፤ «እስቲ ቤት ሄደሽ መነጽሬን አምጪልኝ።»

«ዓይንህ ላይ ነው።»

ጋሽ ጥላዬ መነጽራቸውን ነካ አድርገው «አዎ፣ እውነትሽን ነው» አሉ።

ትንሽ ቆይቶ ሳምሶን «እትዬ፣ ውኃ ጠማኝ፤ ከዚያ ማዶ ሱቅ ቀዝቃዛ...» ከማለቱ፣ «ስንዱ፣ ሮጥ ብለሽ አምጪለት» አሉ እትዬ ደብሪቱ። ሮጬ አመጣሁ። ስመለስ አንድ ሌላ ቦርድ ወጥቷል።

ምሳ ሆነ። የእሁዱ ስልስ ነው። ሁሉም እጁን ታጥቦ ከበበ። ሳምሶን አንድ ጎረሰና ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ጋሽዬ፣ የሆቴል ነው እኮ!» አለ። አቶ ዘርይሁን «ደረጃውን የጠበቀ ነው» አሉ። ጋሽ ጥላዬ ደስ ብሏቸው ለእያንዳንዳቸው ጨመሩላቸው። ቅድም ያመጣሁት ውኃ አለቀና ደግሜ ሄድኩ። እየሄድኩ አንድ ነገር መጣብኝ። ክሩንም ስልሱንም ዝም ያልነው በአንድ ዓይነት አፍ ነው።

ከምሳ በኋላ ነገሩ አስፈሪ ሆነ። የቀረው የስክሪኗ ቱቦ ነው። ቱቦው ሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ጋሽ ጥላዬ «ዞር በሉ!» አሉ። አቶ ዘርይሁን ከሁሉም ቀድመው በሩ ጋ ደረሱ። ሳምሶን ጓንት አድርጎ፣ ሽቦ ያሰረበትን ካቻቢቴ ወደ ቱቦው አስጠጋ።

ጧ!

ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ። እትዬ ደብሪቱ አማተቡ። የሳምሶን ፊት አመድ መስሏል፤ ግን ቆሟል። ለክር ሲባል ሰው ሊሞት ነው ብዬ አሰብኩ። 

ማሽኗ ተበታትና ጠረጴዛውን ሞላችው። ፋኗ ብቻ ነች ያልተነካችው። ሳምሶን ላቡን ጠርጎ «ምን ቀረ?» አለ።

«ሜሞሪዋ» አሉ ጋሽ ጥላዬ፤ ድምፃቸው ወረደ።

ይሄን አውቀው ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው ሳምሶንን ደጋግመው አስጠንቅቀውታል። ሜሞሪዋ ጎን በስታኞ የተበየደች የሳንቲም ያህል ባትሪ አለች። ማሽኗ ተሠርታ ስትወጣ የተማረችው ልክ ሁሉ በእሷ ነው የሚጠበቀው። ባትሪዋ ከተነቀለች ማሽኗ የምታውቀውን ሁሉ ትረሳለች። መስመሯ ብትወጣም ውሸት ነው የምታሳየው። መልሶ የሚያስተምራት ባለሙያና መሣሪያ ደግሞ እዚህ አገር የለም። «ይቺን የነካ እጁ ይቆረጥ» ይሉ ነበር።

አሁን ራሳቸው የመበየጃውን ብረት ሶኬት ላይ ሰኩት።

«ጋሽዬ፣ ባትሪዋን?» አለ ሳምሶን።

«ሌላ ምን ቀረ?» አሉ ጋሽ ጥላዬ። ዓይናቸው ፋኗ ላይ ሄደ፣ ከዚያ ሚስታቸው እጅ ላይ። እትዬ ደብሪቱ ኪሮሻቸውን እያወዛወዙ ነው፤ ቀና አላሉም።

«እንግዲህ ሌላ አማራጭ ከሌለ...» አሉ አቶ ዘርይሁን ጣሪያውን እያዩ።

ብየዳው ጋለ። ጋሽ ጥላዬ አነሱት።  ስንት ዓመት የሳሱላትን ማሽን በገዛ እጃቸው ሊገድሏት ነው፤ ሚስታቸውን «ክርሽ ነው» ላለማለት። ነገ ሥራ አስኪያጁ ይመጣል። ሱቁ ይዘጋል። እኔ ወፍጮ ቤት ቆሜ «የወይዘሮ እከሊት ጤፍ!» እያልኩ እጮኻለሁ።

«ክሩ ነው» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። እኔም ራሴን በደንብ አልሰማሁትም። የብየዳው ጫፍ ባትሪዋ ጋ ሊደርስ ነው።

«ክሩ ነው!» አልኩ፤ የወፍጮ ቤቱ ድምፅ ነው የወጣው። «እትዬ፣ ፋኗ ላይ የተጠመጠመው የእርስዎ ክር ነው! ፋኗ መዞር ስላቃታት ነው የምትሞቀው! ሁሉም አይተውታል! ጠዋት ነው ያዩት!»

መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ወደ ውስጥ አየ። ጋሽ ጥላዬ ብየዳውን አስቀመጡና ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ሳምሶን የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ፤ የተፈታ አልነበረም።

አቶ ዘርይሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም በዚሁ አቅጣጫ እያሰብኩ ነበር» አሉ።

እትዬ ደብሪቱ ተነሱ። እንባዬ መጥቷል፤ ሲያልፉ በጥፊ የሚሉኝ መሰለኝ። አልነኩኝም። ጠረጴዛው ጋ ሄዱና «ዞር በሉ» አሉ። ሦስቱም ዞር አሉ። ኪሮሻቸውን በፋኗ መሃል አስገብተው የክሩን ጫፍ ፈልገው ያዙት፤ ቀስ እያሉ፣ ሳይበጥሱ፣ ክሩን እየሳቡ ጣታቸው ላይ መጠምጠም ጀመሩ። ለዚያ ሥራ ከኪሮሽ የተሻለ መሣሪያ በዚያ ሱቅ ውስጥ አልነበረም። ሲጨርሱ ፋኗን በትንሿ ጣታቸው ነካ አደረጓት። ዞረች።

«ደህና ክር ነው» አሉና የጠመጠሙትን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ዳንቴሉን ይዘው ወደ ቤት ሄዱ። 

ወንዶቹ ማሽኗን መልሰው እስኪገጥሙ መሸ። ጥቂት ብሎኖች ተረፉ፤ ጋሽ ጥላዬ ኪሳቸው ከተቷቸው። ሶኬቷ ሲሰካ መስመሯ ወጣች። ቆመን ጠበቅን። አልጠፋችም። ፋኗ እየዞረች ነው። ሳምሶን «አንቺ፣ እንዲህ ዓይነት ድምፅ የት ደብቀሽው ነው የኖርሽው?» አለኝ።  እኔ የማስበው ቤት ስገባ የሚጠብቀኝን ነበር።

ቤት ስገባ እትዬ ደብሪቱ ራት አቀረቡልኝ፤ ዓይኔን አላዩም። ሻንጣዬን ከአልጋዬ ሥር ሳብ አድርጌ አየሁት።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ በሾፌር መጣ፤ አንድ ቴሌቪዥን ከኋላ ጭኗል። ራቁቷን የተቀመጠችውን ማሽን አየ። «ይቺ ናት?» አለ። «ይቺ ናት» አሉ ጋሽ ጥላዬ። ቴሌቪዥኑን ከፍተው በሽቦ አገናኙት። ወዲያ ወዲህ ነካኩና ወደ ሳምሶን ዘንበል ብለው በሹክሹክታ «ይሄስ ሞቷል» አሉት። ከዚያ ቀና ብለው፣ ለሥራ አስኪያጁ በፈገግታ፣ «እንግዲህ እናየዋለን። ዕቃ ይፈለግለታል። እስቲ ሐሙስ አካባቢ...»

«ሞቷል ብለዋል እኮ ጋሽዬ» አልኩ።

እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። አንዴ የተከፈተ ቧንቧ ሆኜ ነበር። ጋሽ ጥላዬ ቀሉ። ሥራ አስኪያጁ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። «ሞቷል?» አለ።

«ሞቷል» አሉ ጋሽ ጥላዬ፤ ቃሉን ለደንበኛ ሲሉት የመጀመሪያቸው ነበር መሰለኝ፣ ሲወጣ ጎረበጣቸው።

ሰውየው ቴሌቪዥኑን አስጭኖ ሄደ። የቀረው ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም።  ከሰዓት በኋላ ግን በራችን ላይ አንድ ፒካፕ ቆመ፤ ቴሌቪዥን በቴሌቪዥን ላይ ተደርድሮበታል። ሾፌሩ «ሥራ አስኪያጁ ያቺ የምትናገረዋ ልጅ ትቀበልህ ብሎኛል» አለ። ለካ ያ የሞተ ቴሌቪዥን ከሱቅ ሱቅ ሐሙስ እየተባለ ነበር የከረመው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬ ተቀየረ። ለደንበኛ ክፉ ወሬ የምነግረው እኔ ነኝ። የኋለኛው ግድግዳ ላይ የነበሩትን በሽተኞች ባለቤቶች አንድ በአንድ እየደወልኩ አረዳሁ። አንዱ ተቆጣ። አንዲት ሴትዮ «እኔማ ካወቅሁት ቆየሁ፣ ጋሽ ጥላዬ እንዳይከፋቸው ብዬ ነው የምመላለሰው» አሉኝ። ጋሽ ጥላዬ ሰው ማስከፋት አሁንም አይወዱም፤ «ስንዱ ትነግርዎታለች» ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ። ሀብታም አልሆንንም፤ ሱቁ ግን አልተዘጋም። የወንድሜ ሚስትም ሌላ ሰው ቀጥራለች፤ ድምፅ ያለው ሰው አገኘሁ አለች አሉ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ዓይን አፋርነቴ ጠፋ እያልኳችሁ አይደለም። አሁንም ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት ስፈራ አንድ ፌርማታ አልፌ እወርዳለሁ። የተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እኔ ዝም የምለው ስለማፍር ነበር፤ የሚናገሩት ሰዎች ደፋር ይመስሉኝ ነበር። ያን እሁድ ግን የተማሩና ያወቁ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ውለው አንዷን ነገር ሳይናገሩ ሲቀሩ አየሁ። ለካ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነበርን። እናንተም እስቲ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ዳንቴል የለበሰውን ዕቃ ከኋላው ዞር ብላችሁ እዩት። ክር የተጠመጠመበት ፋን ብታገኙ ባለቤቱን ጠርታችሁ ንገሩት እንጂ ቱቦውን አትፍቱ።

እትዬ ደብሪቱ ለማሽኗ አዲስ ዳንቴል ሠርተውላታል፤ ከላይ ብቻ ጣል የሚደረግ፣ ትንሽዬ። ሲሠሩ ፋኗ ጋ እንዳይደርስ እኔን እየጠሩ ያስለኩኝ ነበር። ግን ያን ሰኞ ማታ ገና አልታረቅንም ነበር፤ ወይም እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ቴሌቪዥኖቹን አስገብተን ቤት ከገባን በኋላ ጋሽ ጥላዬ ጓዳ እጃቸውን ሲታጠቡ፣ ኪሮሻቸውን ይዘው የተቀመጡት እትዬ ደብሪቱ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ትናንት በሰው ፊት... አዝነውብኛል?»

«በምኑ?» አሉ ኪሮሻቸውን ሳያቆሙ፤ «ዳንቴሉን ሳወልቅ ክሩ ሲይዘኝ እኮ ነው ያወቅሁት።»

 «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ያን ሁሉ ደክመው ሲፈቱ እኔ ብናገር ያፍራሉ ብዬ ነዋ።»

ከዚያ ወደ ጓዳው አየት አድርገው፣ በእጃቸው ጠቅሰው አስጠጉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይልቅ ስንድዬ፣ አፍሽ ከተፈታ አይቀር፣ የእሁዱን ስልስ ነገር መቼ ነው የምትነግሪልኝ?»